የአያቴ ስለት አንዱ ለግሸን አንዱ ለጀማ ንጉሥ ሆኖ ቤቱ ተጣልቷል፤ ታሪኩን የሚያውቅ አለ?

የጦሳ ልጅ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

አያቴ ክረምት ላይ ዐረፈች። አርባዋን ለማውጣት ደሴ ተሰባስበን ሳለ አክስቴ አንድ ነገር ተናገረች፤ ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ተኮራርፏል። አያቴ ልትሞት ሰሞን ያላደረሰቻቸው ሁለት ስለቶች እንዳሉባት ነግራታለች። አንዱ ለግሸን ማርያም ጃንጥላ ነው። በእሱ ማንም አልተከራከረም፣ አጎቴ ወዲያው እኔ እገዛለሁ አለ። ሁለተኛው ለጀማ ንጉሥ፣ አልብኮ ላለው የሼህ ደጅ፣ አንድ ሙክት ነው። ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው።

አያቴ ማተቧን ከአንገቷ አውልቃ የማታውቅ፣ ረቡዕና ዓርብ የማትሽር፣ የንስሐ አባት ያላት ክርስቲያን ነበረች። የአባቷ ስም ይመር ነው (ይመር ከሚል ስም ሃይማኖት መለየት የሚችል ወሎዬ ካለ እጁን ያውጣ)፣ በእናቷ ወገን ደግሞ ከሚሴ በኩል የሚሰግዱ ዘመዶች ነበሯት፣ እነሱ ሲመጡ የሚሠራበት ድስት ለብቻው ተሰቅሎ የሚቀመጥ ነበር፣ ልጅ ሆኜ በዚያ ድስት ጎመን ልቀቅል ስል የተቆጣችኝን እስከ ዛሬ አልረሳም።

ሙክቱ የተሳለው ደግሞ በኔ ነው። በሁለት ዓመቴ ኩፍኝ ይዞኝ፣ ሐኪሙም ጠበሉም አልሆን ሲል፣ ሌሊት ደጅ ወጥታ "ይችን ልጅ ካተረፋችሁልኝ" ብላለች አሉ። ለማን እንዳለች ግን አክስቴም አልሰማችም። ተረፍኩ። ሙክቱ ሳይደርስ 29 ዓመት ሆነው።

አጎቴ "ክርስቲያን ሆና የሼህ ደጅ አትሳልም፣ አርጅታ ዘባርቃ ነው" ይላል። የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ያደገ ነው፣ እሱ ደግሞ "የድሮ ሰዎች ሃይማኖታቸውን ስለማያውቁ ሁሉንም ደበላልቀውት ነው" አለ። እኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ክርስቲያን ጀማ ንጉሥ መሄድ ከመቼ ጀምሮ ነው? እነዚህ ቦታዎች ሁልጊዜ እንዲህ በፍቅር የኖሩ ናቸው ወይስ እኛ ነን የምናሳምረው? ሙክቱን ላድርስ ብል ደግሞ እንዴት ነው የሚደርሰው?


ሸጋው ከሐርቡ፦

ነፍስ ይማር እህቴ፣ አብሽሪ። ታሪኩን የሚያውቁ ይነግሩሻል፣ እኔ ስለ ሙክቱ ልንገርሽ።

ስለት ዕዳ ነው። በቁሙ ይዘሽ ሂጂ። አታሳርጂው፣ ማነው የሚባርከው ብለሽም አትጨነቂ። እዚያ ያሉት ኻዲሞች፣ የደጁ አገልጋዮች፣ ይረከቡሻል፣ የማን ስለት እንደሆነ ይጠይቁሻል፣ የአያትሽን ስም ትናገሪያለሽ፣ ዱዓ ይደረጋል፣ በቃ። ዕጣንና ቡና ብትጨምሪበት ደግ ነው። ሥጋውን ብዪ የሚልሽ የለም። በኛ አገር ሰው በእርድ ይለያያል፣ በሌላው አይለያይም። የኔ ታላቅ ወንድም ሲዳር ለክርስቲያን እንግዶች በሬው ለብቻ፣ ድንኳኑም ለብቻ ነበር፣ አራጁም ከእነሱ። ዘፈኑ ግን አንድ ላይ ነው።

አጎትሽን ደግሞ ይህን ንገሪው። እናቴ አምስት ወቅት ሰጋጅ ናት። በየዓመቱ መስከረም ላይ ለጎረቤታችን ለእማማ የጧፍ ገንዘብ ትሰጣለች፣ ግሸን እንዲበራላት። ምን ብላ እንደተሳለች ለኛም አትነግረንም።


ጡረተኛው መምህር፦

ታሪክ ሳስተምር ነው የኖርኩት፣ ስለዚህ ካበዛሁት ይቅር በይኝ ልጄ። አጎትሽም ልጁም የሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ሁለቱም ወሎ ላይ መጀመሪያ ሁሉም በየፊናው ጥርት ብሎ ተቀምጦ የነበረና ኋላ ሰው የደባለቀው ይመስላቸዋል።

ከሐይቅ ልነሣ። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ1240 ዓ.ም. ገደማ ሐይቅ እስጢፋኖስን የትምህርት ገዳም አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው እዚያ ገብተው ተምረዋል። የሐይቅ አበምኔት "ዐቃቤ ሰዓት" እየተባለ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ቦታ ነበረው። አገሩ ያኔ ወሎ አይባልም፣ ቤተ አምሐራ ነው። በዚያው ዘመን ግን ከሐይቅ ወደ ቆላው ወረድ ብትይ፣ ወደ አፋር በሚወስደው የንግድ መንገድ፣ እስላሞች ነበሩ፤ አርጎባዎቹ ከጥንት ጀምሮ እዚያው ናቸው። ደጋና ቆላ በገበያ ቀን ይገናኛል። ጨው ከታች ይወጣል፣ እህል ከላይ ይወርዳል።

ሁልጊዜ በፍቅር ነበር ወይ ላልሽው፣ የለም አልነበረም። በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር ቤተ አምሐራን ወረረ። መካነ ሥላሴ ተቃጠለ፣ ነገሥታቱ ወርቅ አልብሰው ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ጦሩ ሐይቅም ደረሰ፣ የደሴቱም ሀብት ተወሰደ። ይህን የጻፈው የኢማሙ የራሱ ሰው ዓረብ ፈቂህ ነው፣ ስለዚህ የጠላት ወሬ ነው ብሎ የሚያልፈው የለም። ከዚያ ደግሞ ኦሮሞው መጣ። ወሎ የሚለው ስም ራሱ የአንድ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። አያቶቻችን ተሰብስበው ጫት ቅመው ቡና አፍልተው የሚጸልዩበት "ወዳጃ" ቃሉ ኦሮምኛ ነው፣ "አብሮ" እንደማለት። ወዳጃን የእስላም ነው ትያለሽ፣ ክርስቲያኑ ደግሞ ገብቶ ተቀምጦ ታገኚዋለሽ። ከሁለቱም በፊት የነበረ ወግ ስላለበት ነው።

ጀማ ንጉሥ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። አልብኮ ውስጥ ነው፣ የመሠረቱት ሼህ ሙሐመድ ሻፊ ናቸው፣ የሞቱትም በ1799 ዓ.ም. ገደማ ነው። የቃድሪያ ጦሪቃ፣ የሱፊዎች መንገድ፣ ሰው ናቸው። መውሊድን ሕዝብ ሰብስቦ ማክበር በወሎ እንዲለመድ ካደረጉት አንዱ እሳቸው ናቸው። ቦታው ደረሳ፣ የሃይማኖት ተማሪ፣ ማስተማሪያም ነበር። ከእሳቸው ወዲህ እነ ጌታ፣ እነ ዳና የሚባሉት የሼህ ደጆች መጡ። የጌታው ሐጂ ቡሽራ፣ የዳናው ሼህ አሕመድ እያልሽ ትቆጥሪያለሽ። የወሎ ሼሆች መንዙማውን በዓረብኛ ብቻ አላስቀሩትም። አማርኛን በዓረብ ፊደል ጻፉት፣ ዐጀሚ ይባላል። እስቲ አስቢው፣ አያትሽ ቤተ ክርስቲያን ስትቆም ቅዳሴው ግዕዝ ነው፣ ብዙው ያልፋታል። ጀማ ንጉሥ ደጅ ላይ ስትቀመጥ ግን መንዙማው በገዛ ቋንቋዋ ነው፣ ስታለቅስ የምታለቅስበትን ታውቀዋለች። ለኔ ትልቁ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። መጽሐፍ ላይ አላየሁትም፣ የራሴ ግምት ነው።

ቀጥሎ ቦሩ ሜዳ ነው። ከደሴ አፍንጫ ሥር ያለችው ቦሩ ሜዳ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ምኒልክን አስከትለው መጥተው ጉባኤ አደረጉ። መጀመሪያ የክርስቲያኑን የራሱን ጠብ፣ የተዋሕዶንና የጸጋን ነገር ዘጉ። ቀጥሎ ለእስላም ሹማምንት ወይ ተጠመቅ ወይ ሹመትህን ልቀቅ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ክርስትና አባታቸው ዮሐንስ ናቸው። አባ ዋጠው የሚባሉት ኢማም አመዴም ኃይለ ማርያም ሆኑ፣ የእሳቸው ክርስትና አባት ምኒልክ። ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር እምቢ ብለው ሸፈቱ። ብዙ ሰው ወደ መተማ፣ ወደ ሐረር፣ ወደ ጅማ ተሰደደ። ያልተሰደደው ቤት ውስጥ ምን እንደሆነ ገምቺ። ሹም የሆነው ወንድም ይጠመቃል፣ አራሹ ወንድም ይቀራል፣ እናታቸው ሁለቱንም ታበላለች። አያትሽ ሃይማኖቷን አሳምራ ታውቃለች። ሁለቱም ደጅ ዘመድ ስለነበራት ነው።


ዲያቆን ዘአምባሰል፦

መምህር ጥሩ ብለዋል፣ ግሸንን ግን ዘለሏት። እኔ የተወለድኩት ከግሸን በእግር ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ቀበሌ ነው፣ ዝም ማለት አልችልም።

ግሸን ተራራው ራሱ መስቀል ነው። መውጫው አንድ በር ነው፣ በሌላው ገደል። በአባቶቻችን ትውፊት የጌታችን ግማደ መስቀል በዐፄ ዳዊት ዘመን ከግብፅ መጣ። ዐፄ ዳዊት ሳያሳርፉት ሞቱ። ልጃቸው ዘርዐ ያዕቆብ "አንብር መስቀልየ በዲበ መስቀል" የሚል ድምፅ በሕልም ሰሙና፣ መስቀሌን በመስቀል ላይ አኑር ማለት ነው፣ ብዙ ተራራ ሲያስሱ ኖረው መስከረም 21 ቀን 1449 ዓ.ም. ግሸን ላይ አኖሩት። የምንነግሠው ለዚህ ነው። ያው ተራራ ደግሞ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚታሰሩበት አምባ ነበር። ምእመን የሚሳለምበትና እስረኛ የሚጠበቅበት በር አንድ ነው፣ ይሄ ሁሌ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ስለቱ። እኅቴ፣ ሰው እንዳይከፋብኝ በጥንቃቄ ነው የምለው። እንደ ሥርዓታችን ከሆነ ክርስቲያን ለሌላ ደጅ አይሳልም። አጎትሽ ያለው ከመጽሐፍ የራቀ አይደለም። "አርጅታ ነው" ማለቱ ነው ያጠፋው። እኔ ብሆን የንስሐ አባቷን አማክሬ፣ የሙክቱን ዋጋ ለነዳያን እበትን ነበር።

ይህን ስል ግን መስከረም 20 ማታ ዳገቱ ላይ ጃንጥላ ተሸክሞ የሚያግዘኝ ሰይድ የሚባል ልጅ ነበር ልጅ ሳለን። አባቱ ነው የሚልከው። መልሼ ቤትህ ግባ አላልኩትም።


እውነቱ ይነገር፦

ሁለታችሁም ስታደናግሩ! በኛ ሽርክ ነው በእናንተ ባዕድ አምልኮ ነው። ቀብር ላይ በግ መንዳት የጃሂሊያ ሥራ ነው፣ ባህል ባህል እያላችሁ አታሳምሩት። ልጅቷን ከኩፍኝ ያተረፋት አላህ ነው።


ሸጋው ከሐርቡ፦

@እውነቱ ይነገር አንተም ወንድሜ ነህ፣ ያንተን ሐሳብ መስጊዳችን ውስጥም በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ዚያራ ላይ፣ የሼህ ደጅ መሳለም ላይ፣ ዑለሞቹ ራሳቸው ዛሬ ድረስ ይከራከራሉ። አላህ እንዳተረፋት ማንም አልካደም። ልጅቷ የጠየቀችው የአያቷን ዕዳ ነው፣ ፈትዋ አልጠየቀችም።


የጦሳ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ዲያቆንም ጭምር፣ የምር ነው። መምህር አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አክስቴ ስትቀልድ "እኛ እኮ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ነን" ትላለች። ይሄ ስለ ቦሩ ሜዳ ነው እንዴ? እኔ እስከ ዛሬ ስለ አባቴ ነው የምትለው ይመስለኝ ነበር 😂


ጡረተኛው መምህር፦

አዎ የዚያ ዘመን ነገር ነው። ተገዶ የተጠመቀው ቀን ቤተ ክርስቲያን ታይቶ ማታ በሩን ዘግቶ ይሰግዳል ለማለት የተባለ ነው። ያኔ ስድብ ነበር። ዛሬ አክስትሽ የምትስቅበት መሆኑ ጥሩ ነው፣ ቀላል ነገር ነበር ብለሽ ግን አትውሰጂው። ቦሩ ሜዳ የተጠመቁት የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ አቤቶ ኢያሱ፣ ከዙፋን የወረደው በዚሁ ነገር ነው፣ ሰልሟል ተብሎ። አባቱ ልጄን ብለው ዘመቱ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ያን ያህል የወሎ ሰው አለቀ። ንጉሡም ተማርከው፣ በግዞት ሳሉ ሞቱ። ተጠምቀው ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ ንጉሠ ወሎ ወትግሬ ተብለውም ከዚያ ክስ አላመለጡም።

ስለዚህ ወሎ አብሮ የኖረው ነገሥታቱ ስለተውት አይደለም ልጄ። ከላይ ትእዛዝ ሲመጣ ታች ጎረቤት ለጎረቤት ይደባበቃል። የገበያው ቀን አንድ፣ ምንጩ አንድ፣ ሽምግልናውም አንድ ነው። ደም ሲፈስ የሚያስታርቀው አባጋር ሲመርቅ ሁለቱም ወገን አሜን ይላል።


እመት ከሙገድ፦

ወንዶቹ ስለ ንጉሥ አወራችሁ፣ እኔ ስለ ሴቶቹ ልጨምር።

ልጄ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። አያትሽ ዕድሜዋን ሙሉ ሐይቅን ከዳር ሆና ነው የተሳለመችው። የሐይቁን ተረት ሳትነግርሽ አልቀረችም፣ አንዲት እርጉዝ ሴት በልዕልቲቱ ተበድላ አልቅሳ፣ እግዜር ተቆጥቶ አገሩን ሁሉ ውኃ አድርጎት የተቀመጠችባት ብቻ ደሴት ሆና ቀረች የሚባለውን። ደሴቲቱ የአንዲት ሴት መቀመጫ ናት ማለት ነው፣ አሁን ግን ሴት አታልፍም። ሁሌ ነው የሚያስቀኝ።

ግሸን ግን ሴት ትወጣለች። ጀማ ንጉሥም ሴት ትሄዳለች። ሴት ደግሞ ልጅ ሲታመምባት ደጅ አትመርጥም። እናቴ እስላም ናት፣ ዱበርቲ ነበረች። ዱበርቲ ማለት ለወለደች፣ ለታመመች፣ ለመከነች ሴት ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉ እናቶች ናቸው፣ እየዘመሩ፣ እጃቸውን እያጨበጨቡ። ጎረቤታችን ክርስቲያኗ ምጥ ሲጠናባት ማርያም ማርያም እያሉ የሚለምኑላት ሴቶች አሉ፣ እናቴ ደግሞ በወዲያ በኩል ቁጭ ብላ የራሷን ትላለች። ሕፃኑ ሲወለድ ማን አዋለደው ብሎ የጠየቀ የለም። ገንፎ ነው የተበላው።

ቡናው ላይም እንደዚያው ነው። አቦሉን "ጀባ" ብላ የምትሰጠው እናቴ ናት፣ በረካው ላይ የምትመርቀው ደግሞ ክርስቲያኗ፣ ቤቱ የማንም ይሁን። ሁለቱም ልጆቻቸውን ቀብረው ያውቃሉ። ይሄን የማያውቅ ልጅ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ "ሃይማኖታቸውን አያውቁም" ሲል ትንሽ ይከነክነኛል። የአጎትሽን ልጅ ማለቴ ነው፣ ሰላም በይልኝ ደግሞ።

አንድ ምክር። ጃንጥላውና ሙክቱ በአንድ ጉዞ ካልሆነ ሁለተኛው ይቀራል፣ እኔ አውቃለሁ። መውሊድ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸ ነው፣ በ2017 መስከረም ውስጥ ነበር፣ ከግሸን ጋር ሳምንታት ብቻ ነበር የተለያዩት። አሁን ደግሞ ከግሸን ይበልጥ ቀድሞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሙክቱን አስቀድሚ፣ ጃንጥላው ለመስከረም 21 ይደርሳል። በመውሊድ ቀን ግን አትሂጂ፣ ሰው ይበዛል፣ ሙክትሽም ይጠፋብሻል። በአዘቦት ሂጂ።


የጦሳ ልጅ፦

ለሁላችሁም፣ ቃሌን ለመጠበቅ ተመልሼ መጣሁ።

የጻፋችሁትን ለአክስቴ አነበብኩላት። ቦሩ ሜዳ ላይ ስደርስ አስቆመችኝና የእናቷ አያት ሁለት ስም እንደነበራት ነገረችኝ፣ አንዱን ቤት ውስጥ ብቻ የሚጠሩት። 31 ዓመት በዚህ ቤት ኖሬ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ስሙን ግን እዚህ አልጽፈውም።

ዲያቆን፣ የንስሐ አባቷን አማክረናል። አባ ረጅም ሰዓት ዝም አሉና "እኔን ጠይቃችኋል፣ እኔ አድርሱ አልልም፣ የሰው ዕዳ አስቀሩም አልልም" አሉ። ከዚያ ስለ ጃንጥላው ቀለም ማውራት ጀመሩ።

አጎቴ ጀማ ንጉሥ አልገባም ብሏል። ኮምቦልቻ ድረስ ይሸኘናል፣ እዚያ ሻይ እየጠጣ ይጠብቀናል። ቅዳሜ ገበያ ግን ከኔ ጋር ወጣ፣ አንዱን ሙክት ከሲታ ነው ብሎ መለሰው፣ ሌላውን ጥርሱን ገልጦ አየና "ይሄ አያትሽን አያሳፍርም" ብሎ ገመዱን እሱ ያዘ።